የከቲ ሳርክ ሞዴል ዴክ፦ እንጨት መምረጥና ቅብ መፈለግ

ሐምሌ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

የሞዴል መርከቤ ገላ አለቀ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራው ወለሉ ላይ ነው። አጭር ስለሆነ "ዴክ" እያልኩ እጽፋለሁ።

የምሠራው ከቲ ሳርክ የተባለችውን የሻይ ጫኝ የሸራ መርከብ ሞዴል ነው፣ በ1፡96 ስኬል፤ ከእውነተኛዋ 96 ጊዜ አሳንሼ ማለት ነው። እውነተኛዋ መርከብ 64.8 ሜትር ትረዝማለች፤ ስፋቷ 11 ሜትር ነው። የእኔዋ 67.5 ሴንቲሜትር በ11.4 ትሆናለች። ስኮትላንድ፣ ደምባርተን ላይ ተሠርታ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1869 ውሃ ላይ ወረደች። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው ከዚያ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። የእንፋሎት መርከቦች በደጃችን በቀይ ባሕር በኩል ሻይ ሲያመላልሱ፣ እሷ በሸራ አፍሪካን ዞራ ትሄድ ነበር። እኔን ወደዚህች መርከብ የሳበኝ ይህ ነው።

የላይኛው ዴክ 89 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቲክ የሚባል እንጨት ነው። ከሥሩ ያለው ሁለተኛው ወለል ደግሞ 70 ሚሊሜትር ቢጫ ፓይን። 89ኙን ለ96 ሳካፍለው 0.93 ሚሊሜትር ይመጣል። ስለዚህ ጣውላዎቼን 1 ሚሊሜትር አድርጌ እቆርጣለሁ፤ ሲፋቁ 0.9 ላይ ያርፋሉ። ስፋታቸው 1.5 ሚሊሜትር ይሁን ብያለሁ። በእውነተኛው መጠን 14.4 ሴንቲሜትር ማለት ነው።

ከሥር የሚገባው 1.5 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ነው። ዴክ ልሙጥ አይደለም፤ ውሃ እንዲወርድለት መሃሉ ከፍ ይላል። በእኔ ስኬል ልዩነቱ 2 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከካርቶን ቅርጽ ቆርጬ ዴኩን የሚሸከሙትን አግዳሚዎች አንድ በአንድ ለካሁ። ሁለቱ ዝቅ ብለው ተገኙ። ስስ እንጨት ለጥፌ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክዬ፣ ኮምፔንሳቶውን በኮላ አጣበቅኩት። ማታውን በላስቲክና በልብስ መቆንጠጫ ታስሮ ያድራል።

ሐምሌ 20

እውነተኛው ዴክ ቲክ ከሆነ እኔም ቲክ ልጠቀም ብዬ ነበር። ምናለሽ ተራ ሄጄ የተሰበረ የቲክ ወንበር ክንድ በ300 ብር ገዛሁ። አሮጌና ደረቅ ነው፤ ሲቆረጥም ያ የቆዳ የሚመስል ሽታው ይወጣል። ቤት አምጥቼ አሥር ጣውላ አወጣሁና ጎን ለጎን ደረደርኳቸው።

አልሆነም። ምክንያቱ እስኪገባኝ ድረስ በአጉሊ መነጽር ደጋግሜ አየሁት። የቲክ ቀዳዳዎች ትልልቅ ናቸው። ትልልቆቹ 0.3 ሚሊሜትር ይደርሳሉ። በ96 ሳባዛው ወደ 3 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ማለትም በእኔ ዴክ ላይ የሚሄድ መርከበኛ እግሩ ሥር ሦስት ጣት የሚያስገባ ቦይ አለ። እንጨቱ እውነተኛ ነው፤ ዴኩ ግን የውሸት ይመስላል። እንጨት በስኬል አያንስም። እኛ ስናሳንሰው ቃጫውና ቀዳዳው እንደነበሩ ይቀራሉ።

ስለዚህ የምፈልገው ቲክ ሳይሆን ከሩቅ ሲታይ ቲክ የሚመስል፣ ከቅርብ ሲታይ ምንም መስመር የማይታይበት እንጨት ነው።

ሐምሌ 27

ሰፈራችን ውስጥ አንድ አንጋፋ አናጢ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ዛሬ የቲኩን ናሙና ይዤ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ቀዳዳ የሌለው እንጨት የትኛው ነው?"

ናሙናዬን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። "ቀዳዳ የሌለው ከፈለግህ ወደ ዝግባ ሂድ ልጄ። ጥድም የለውም፣ ጥድ ግን ቀይ ነው፤ ቀለሙን አትጥለውም።"

ከወርክሾፓቸው ቁርጥራጭ ሰበሰቡልኝ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም። ቤት ገብቼ አራቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ፦ ዋንዛ፣ ጥድ፣ ወይራና ዝግባ።

ዋንዛ ለቤት ዕቃ የምወደው እንጨት ነው። ለዚህ ሥራ ግን የቲክ ችግር አለበት፤ ቀዳዳው በዓይን ይታያል፣ ቀለሙም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በ1.5 ሚሊሜትር ጣውላ ላይ አንዱ ሮዝ፣ ጎኑ ያለው ቡኒ ይሆናል።

ጥድ ቃጫው ደቃቅ ነው። እርሳስ የሚሠራበት እንጨት ስለሆነ በካተር ሲቆረጥ ቅቤ ነው። ግን ጋሼ እንዳሉት ቀይ ነው። በዚያ ላይ በውስጡ ባለው ዘይት ምክንያት የቀባሁት ቫርኒሽ በሁለተኛው ቀንም ይጣበቅ ነበር።

ወይራ ከባድና ጥብቅ ነው። መስመሩ በጣም ያምራል፤ ለዴክ ግን መስመር ነው የማልፈልገው። ለገመድ ማሰሪያዎቹና ለጥቃቅን ዕቃዎች አስቀመጥኩት። ከወይራ የተቆረጠ 1 ሚሊሜትር ቁራጭ ጫፉ አይፈረፈርም።

ዝግባ ፈዛዛ ቢጫ ነው። መርፌ ቅጠል ካላቸው ዛፎች ወገን ስለሆነ እንደ ቲክ ያለ ቀዳዳ የለውም። ቃጫው በዓይን አይለይም፤ የዕድገት ቀለበቱም ደብዛዛ ነው። በአጉሊ መነጽር ሳየው የሐር ጨርቅ ይመስላል። ምርጫው ይኸው ነው፤ የጎደለው ቀለሙ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ እኔ እሰጠዋለሁ።

ነሐሴ 11

አዲስ ዝግባ አልገዛም ብያለሁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዝግባን፣ ጥድን፣ ዋንዛንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር፤ ዛፉም እየጠፋ ነው። ለአንድ ሞዴል የሚበቃኝ እንጨት በጣም ትንሽ ነው፣ ከአሮጌ ቤት ይገኛል።

ሁለት ሳምንት ስጠይቅ ቆይቼ ከፈረሰ ቤት የወጡ አራት የወለል ጣውላዎች በ1,800 ብር አገኘሁ። ላያቸው ላይ የዘመናት ሰምና ቆሻሻ አለ። ሁለቱ ላይ ሚስማር ተሰብሮ ቀርቷል። አንዱን ሳላይ ወደ ማሽን አስገብቼ ቢሆን ምላጩ ይሰበር ነበር። ማግኔት በክር አንጠልጥዬ ጣውላው ላይ እያሳለፍኩ ሰባት የተሰበረ ሚስማር አገኘሁ። አሮጌ እንጨት የሚገዛ ሰው ይህን ሳያደርግ መጋዝ አይንካ።

ሲላግ ውስጡ ንጹሕ ነው። አንዱ ፈዛዛ፣ ሁለቱ መካከለኛ፣ አንዱ ወደ ማር ያዘነበለ ነው። ይህ ልዩነት ደስ አለኝ። እውነተኛ ዴክም አንድ ወጥ ቀለም የለውም።

የመጋዝ ማሽኑ ትንሽ ነው፤ ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት ባለፈው ዓመት ያመጣችልኝ። ምላጩ 0.5 ሚሊሜትር ይበላል። 1 ሚሊሜትር ጣውላ በወጣ ቁጥር ከእንጨቱ ሲሶው ብናኝ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሳላሰላ ስለነበር የመጀመሪያው ጣውላ ከጠበቅኩት ያነሰ ሰጠኝ።

ነሐሴ 25

አሁን ድፍኑ። በእውነተኛ መርከብ በጣውላና በጣውላ መሃል ዝፍት የተነከረ ቃጫ ይጠቀጠቅና ላዩ ላይ የፈላ ዝፍት ይፈስበታል። ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ወርዱ አንድ ሴንቲሜትር አይሞላም። በእኔ ስኬል 0.1 ሚሊሜትር ነው።

ሦስት መንገድ ሞከርኩ፤ በእርሳስ ጠርዙን ማጥቆር፣ በማርከር መቀባት፣ ጥቁር ወረቀት መለጠፍ።

እርሳሱ መስመሩ ደከመ። ከአንድ ክንድ ርቀት አይታይም። ማርከሩ ፈጣንና ደማቅ ነው። ወረቀቱ አድካሚ ነው። የገዛሁት ደግሞ ወፍራም ጥቁር ካርቶን ነበር፤ ስለካው 0.3 ሚሊሜትር ሆነ። በእውነተኛው ሲሰላ 3 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ድፍን ነው። 180 ብሩ ቀልጦ ቀረ።

ማርከሩን መረጥኩ። 80 ብር። አንድ የሙከራ ሰሌዳ ሠራሁ፣ 11 ሴንቲሜትር በ10። በጣም አማረ።

ጳጉሜን 3

ማማሩ ስምንት ቀን ቆየ።

ለቅብ ጋሼ የመከሩኝ ጎማላካ ነው፤ በየአገሩ ሸላክ የሚሉት። መርካቶ 200 ግራም በ650 ብር ገዛሁ። ጎማላካ የሚሟሟው በአልኮል ነው። የማርከር ቀለምም እንደዚሁ። ይህን ሁለቱን አንድ ላይ አላሰብኩትም። ብሩሹን ገና ሳሳልፍ ጥቁሩ ከየመስመሩ እየወጣ ፈዛዛው እንጨት ውስጥ ገባ። ሰሌዳው በሙሉ ሻጋታ መታው የሚያሰኝ ሆነ። ለመጥረግ ስሞክር ባሰበት።

በዚያው ላይ ሁለተኛ ስህተት ነበር። አልኮሉ 70 በመቶ ነው፣ ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው፤ 120 ብር። 30 በመቶው ውሃ ነው። ጎማላካው በደንብ አልሟሟም፤ የተቀባውም ነጭ ጉም አወጣ። ለጎማላካ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። 96 በመቶውን አንድ ሊትር በ900 ብር ገዛሁ። ውድ ነው፤ ግን ለብዙ ሥራ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ደንቤ ይህ ነው፤ ማንኛውም ድፍን ሰሌዳ ላይ ከመግባቱ በፊት አንድ ጠብታ ውሃና አንድ ጠብታ አልኮል ይንጠባጠብበት። በነጭ ጨርቅ ይታሽ። ጨርቁ ከጠቆረ አይሆንም።

መስከረም 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወደ ወረቀት ተመለስኩ። 80 ግራም የሚባለው ተራ ጥቁር ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ነው፤ የምፈልገው ልክ እሱ ነው። ከሁለት መደብር ወሰድኩ፣ በድምሩ 100 ብር። የአንዱ ቀለም በውሃ ለቀቀ። የሌላው በውሃም በአልኮልም አልለቀቀም። ሁለቱ በዓይን አይለዩም፤ ጨርቁ ነው የለያቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዝግባውን 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ስስ ሰሌዳ አድርጌ እልጋለሁ። በአንድ ገጹ ላይ ጥቁሩን ወረቀት በስሱ ኮላ እለጥፋለሁ። በሁለት ልሙጥ እንጨት መሃል በሞርሰቶ ተጨምቆ ያድራል። በማግስቱ በመጋዙ 1 ሚሊሜትር እያልኩ እቆርጠዋለሁ። እያንዳንዱ ጣውላ አንድ ጎኑ ላይ ድፍኑን ይዞ ይወጣል። ነጠላ ወረቀት በ1 ሚሊሜትር ጠርዝ ላይ ለመለጠፍ ከመታገል ይህ እጅግ ይቀላል።

ቀኑን ሙሉ ቆርጬ 140 አወጣሁ። ሁለተኛውን የሙከራ ሰሌዳ ነጠፍኩና መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

ጥቅምት 16

ሰሌዳው ተከፋፍቷል። አምስት ቦታ ላይ በጣውላዎቹ መሃል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት አለ።

መጀመሪያ ኮላውን ጠረጠርኩ። ኮላው ግን ይዟል። ችግሩ ወቅቱ ነው። ጣውላዎቹን የቆረጥኩትና ያጣበቅኩት ክረምት ላይ ነው፤ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ነበር። በጋው ሲገባ ደረቀና ጠበበ። ከሥር ያለው ኮምፔንሳቶ ንብርብሩ ተሻግሮ የተጣበቀ ስለሆነ እምብዛም አይጠብም። ላዩ ሲሰበሰብ ሥሩ አልተከተለውም።

እድለኛ ነኝ ማስረጃ ነበረኝ። ነሐሴ ላይ ለሌላ ነገር አንድ ቁራጭ ዝግባ በወርቅ ሚዛን መዝኜ 20.0 ግራም ብዬ ጽፌበት ነበር። ዛሬ 18.9 ግራም ነው። አንድ ነጥብ አንድ ግራም ውሃ ወጥቷል። በ11 ሴንቲሜትር ስፋት ላይ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋ መጥበብ ማለት ነው።

ዋናውን ዴክ ነጥፌው ቢሆን ኖሮ አራት ወር ሥራ ይበላሽ ነበር። የሙከራ ሰሌዳ ጊዜ ማባከን ነው የሚል ሰው ይህን ይይልኝ።

የተወሰደ እርምጃ፦ የተቆረጡት ጣውላዎች ሁሉ ፍሪጅ ላይ፣ ክፍት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። እዚያ ሞቃትና ደረቅ ነው። የናሙናው ክብደት ለሁለት ሳምንት ካልተለወጠ ንጣፉ ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ክረምት ሲመጣ እንጨቱ ያብጥ ይሆናል፤ ሲያብጥ ግን ክፍተት አይፈጥርም፣ ወረቀቱም ትንሽ ይጨመቃል።

ኅዳር 7

ናሙናው 18.8 ላይ ቆሟል። ኮምፔንሳቶው ላይ መሃለኛውን መስመር አሰመርኩ። ከመሃል ወደ ሁለቱ ጎን ነው የሚነጠፈው።

የጣውላዎቹ ርዝመት 76 ሚሊሜትር ነው፤ በእውነተኛው 7.3 ሜትር። ጫፍ ከጫፍ የሚገናኙበት ቦታ ዝም ብሎ አይደረግም። በእውነተኛ መርከብ ሁለት ጫፎች አንድ አግዳሚ ላይ እንዲገናኙ ከተፈለገ መሃላቸው ቢያንስ ሦስት ሙሉ ጣውላ ይኖራል። አለበለዚያ ዴኩ እዚያ ጋ ይደክማል። 76ን ለአራት ከፈልኩና 19 ሚሊሜትር ያዝኩ። አንደኛው ጣውላ ከዜሮ፣ ቀጣዩ ከ38፣ ቀጣዩ ከ19፣ ቀጣዩ ከ57፣ ከዚያ እንደገና ከዜሮ። በዚህ ቅደም ተከተል ተጎራባቾቹ እንደ ደረጃ አይሰለፉም። ደረጃ ዓይን ይስባል።

ጫፎቹ ላይ ወረቀት የለም። እዚያ እርሳስ ይበቃል፤ ጫፉን ሁለት ጊዜ በ2ቢ እርሳስ መንካት ነው።

የወጣልኝ ፍጥነት በአንድ ማታ 15 ጣውላ ነው። ኮላው ውሃ ስላለው በብዛት ከተቀባ ጣውላው ይጎብጣል። በጥርስ እንጨት ጫፍ፣ ስስ መስመር፣ ከዚያ በብረት ማስመሪያ ጠርዝ መግፋት።

ኅዳር 21

ሁለት ማታ መብራት አልነበረም። በሻማ ሞከርኩ። ሦስት ጣውላ ተዛነፈብኝ። በምላጭ አንስቼ በማግስቱ መለስኳቸው። በሻማ አይሠራም።

አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከግራ በኩል የማጣብቃቸው ጣውላዎች ላይ ጥቁሩ ወረቀት ወደ መሃል ይዞራል፣ ከቀኝም እንዲሁ። መሃለኛው ጣውላ ስለዚህ ከሁለቱም ጎን ድፍን ያገኛል። ሳላስተውል አንድ ረድፍ ገልብጬ ነጥፌ ነበር፤ አንድ ቦታ ድርብ መስመር፣ አንድ ቦታ ምንም። ሙሉ ረድፉን አነሳሁት።

ታኅሣሥ 12

አስቸጋሪው ክፍል፣ የመርከቡ አፍንጫ ጋ ዴኩ እየጠበበ የሚሄድበት። ቀጥ ብለው የሚመጡት ጣውላዎች ከጠርዙ ጣውላ ጋር በጣም ሾጣጣ በሆነ ማዕዘን ይገናኛሉ። ጀማሪ ሲሠራው ጣውላውን እንደ መርፌ ያሾለዋል። እውነተኛ መርከብ ላይ ይህ አይደረግም። የሾለ ጫፍ ሚስማር አይይዝም፣ ድፍንም አይጠቀጠቅበትም፤ ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ የጣውላው ጫፍ ግማሽ ስፋቱ ላይ ደንዝዞ ይቆረጥና የጠርዙ ጣውላ ውስጥ በተቆፈረለት ደረጃ ይገባል።

በእኔ ስኬል ግማሽ ስፋት 0.75 ሚሊሜትር ነው። በየጎኑ አሥራ አንድ እንዲህ ዓይነት መግቢያ አለ። የጠርዙን ጣውላ 4 ሚሊሜትር ስፋት ካለው ዝግባ ሠራሁት። መግቢያዎቹን በአዲስ ካተር ምላጭ ቆረጥኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ፈረሱብኝ። ከዚያ ጠርዙን በጣም ስስ ጎማላካ አርሼ ሳደርቀው ቃጫው ተጠናከረ። ከዚያ ወዲያ አንድም አልፈረሰም። ስምንት ማታ ፈጀ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ደጋግሜ የማየው ይህን ቦታ ነው።

አንዷን ጣውላ ለማፍጠን በሱፐር ግሉ ለጠፍኳት። ይህን ያስታውስ የሚያነብ ሰው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የብሎን መሸፈኛ የእንጨት ክዳኖችን አልሠራም። በእውነተኛው ዴክ አሉ፣ ግን ከጣውላው ጋር አንድ እንጨትና አንድ የቃጫ አቅጣጫ ስላላቸው ከጥቂት እርምጃ አይታዩም። በ1፡96 ነጠብጣብ ማብዛት ዴኩን የኩፍኝ በሽተኛ ያስመስለዋል።

ጥር 3

ንጣፉ አለቀ፤ 412 ጣውላ።

አሁን ማለስለስ። በብርጭቆ ወረቀት አይሆንም። የወረቀቱ ጥቁር ብናኝ ፈዛዛው እንጨት ውስጥ ይገባና ሁሉንም ያጠቁራል፤ በሙከራ ሰሌዳው ላይ አይቼዋለሁ። የሚሆነው ምላጭ ነው። የጺም ምላጭ በሁለት ጣት ትንሽ አጉብጦ፣ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ በቃጫው አቅጣጫ መፋቅ። ከወረቀትም ከስሱ የሚታጠፍ ፍቅፋቂ ይወጣል። ምላጩ ቶሎ ይደንዛል። 50 ብር ሙሉ ምላጭ ጨረስኩ። ዴኩ የተጠረገ መስታወት መሰለ።

ጥር 11

ቀለሙ። የቲክ ዴክ አዲስ ሲሆን ወርቃማ ቡኒ ነው። ፀሐይ፣ የባሕር ውሃና በድንጋይና በአሸዋ የሚደረገው ማሸት ግን ወደ ብርማ ግራጫ ይለውጠዋል። ሻይ ስትጭን የነበረች መርከብ ዴክ ቫርኒሽ አይቀባም። የቤት ወለል አይደለም፤ ካንጸባረቀ ያንሸራትታል።

ግራጫውን ለማግኘት የድሮ ዘዴ አለ። ዝገት ያለው ሚስማር አቼቶ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ይቀመጣል። የሚወጣው ፈሳሽ እንጨት ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። በቁርጥራጭ ዝግባ ላይ ቀባሁት። ምንም አልሆነም። ዝግባ ታኒኑ ትንሽ ነው። ስለዚህ ታኒኑን ራሴ ሰጠሁት፤ በጣም የጠነከረ ሻይ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ መጀመሪያ እሱን ቀባሁ። ደረቀ። ከዚያ የሚስማሩን ውሃ።

በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ ከሰል ወይን ጠጅ ተለወጠ። በጣም በዛ። አንድ እጅ ፈሳሽ ለአምስት እጅ ውሃ፣ አሁንም ጠቆረ። አንድ ለአሥር፣ አመድ። አንድ ለሃያ፣ የፈለግኩት። ቢጫው ከሥር እየታየ ላዩ ብርማ። የሻይ መርከብን ዴክ በሻይ መቀባቴ ደስ አሰኝቶኛል።

ውሃ ቃጫውን ያስነሳል። ስለዚህ ዋናው ዴክ ላይ ከመቀባቴ በፊት በተጨመቀ ጨርቅ አርጥቤ፣ አድርቄ፣ እንደገና በምላጭ ፋቅኩት። ከዚያ ሻዩ፣ ጨርቁ እርጥብ እስኪሆን ብቻ። ማደር። ከዚያ አንድ ለሃያው።

ያችን የሱፐር ግሉ ጣውላ የማታዩት ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ሱፐር ግሉ ቃጫውን ደፍኖታል፣ ቀለም አልጠጣም። ግራጫ ውስጥ አንድ ቢጫ ነጥብ። ፋቅኩት፣ አልወጣም። ጣውላዋን በካተር ቆርጬ አውጥቼ ሌላ ተካሁ። 411ዱ በኮላ ተለጥፈዋል፤ አንዷን ለማፍጠን ብዬ ሁለት ማታ ከፈልኩ። ኮላም ቢሆን የተረፈው ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ካልተጠረገ ያው ነው፤ ሁለት ቦታ ትንሽ ጥላ አለ።

ጥር 25

ቅብ። አራት ሰሌዳ አዘጋጅቼ መስኮት አጠገብ ደረደርኳቸው።

ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ፣ አንጸባራቂው፣ 850 ብር። ፕላስቲክ የተሸፈነ መሰለ። ሞዴል የሚታየው ከቅርብ ቢሆንም ዓይን የሚያስበው ከሩቅ እንደሚያየው መርከብ ነው፤ ከሩቅ ደግሞ ምንም ዴክ አያብለጨልጭም። ማት የሚባለውን፣ የማያብለጨልጨውን፣ ፈልጌ አጣሁ።

የተልባ ዘይት፣ 350 ብር። እንጨቱን አሳመረው፣ ግራጫውን ግን ገደለው። ሞቅ ያለ ቡኒ ሆነ። በጊዜ ብዛትም ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ውሃ ውስጥ ነክሩት ወይም ዘርግታችሁ አድርቁት።

ንብ ሰም፣ ቤት የነበረ። ውበቱ ጥሩ ነው። ግን ድፍኑ ጋ ባለው ስስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አቧራ ይይዛል። አዲስ አበባ ውስጥ በጋ ላይ አቧራ የሚይዝ ነገር አልፈልግም።

ጎማላካ። 10 ግራም በ100 ሚሊሊትር 96 በመቶ አልኮል። በጣም ስስ ነው። ጎማላካ ውስጥ ሰም አለ፤ ብልቃጡን ሦስት ቀን ሳልነካው ሳቆየው ሰሙ ወደ ታች ወረደ፣ የላይኛውን ንጹሑን በስሪንጅ ቀዳሁ። የተገኘው ብርቱካናማው ዓይነት ስለሆነ አንድ ጊዜ ሲቀባ ግራጫውን ትንሽ ያሞቀዋል። ሁለት ጊዜ ሲቀባ ወደ ወይራ ቅጠል ይሄዳል። አንድ ጊዜ በቃ።

ጋሼ አራቱን አይተው ጎማላካውን በጣታቸው ነኩ። "ይኼ የተቀባም አይመስልም" አሉ። የፈለግኩት ይኼን ነበር።

የካቲት 2

ዛሬ ቀባሁት። ጠፍጣፋ ለስላሳ ብሩሽ፣ ከአፍንጫ ወደ ኋላ፣ አንድ መስመር አንድ ጊዜ ብቻ። ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ አልኮሉ ቶሎ ይተንና ብሩሹ ይጎትታል። መስኮት ተከፍቶ፣ ምድጃ ጠፍቶ።

ከደረቀ በኋላ ትንሽ ብልጭታ ነበረው። ያንን ለመግደል የብረት ሱፍ የሚጠቀሙ አሉ። እኔ አልነካሁትም። ሻይ በጠጣ እንጨት ላይ የብረት ብናኝ ከቀረ፣ እርጥበት ሲያገኘው ጥቁር ነጥብ ይሆናል። በተጨማደደ ቡናማ የካኪ ወረቀት አሸሁት። ብልጭታው ጠፋ።

የካቲት 9

የዴኩ ወጪ ከነሙከራው 5,800 ብር፣ የመጋዝ ማሽኑ ሳይቆጠር። ከዚህ ውስጥ 1,880 ብሩ ዴኩ ላይ ባልዋሉ ነገሮች ላይ የወጣ ነው፤ ቲኩ፣ ወፍራሙ ካርቶን፣ ማርከሩ፣ 70 በመቶው አልኮል፣ ፖሊዩሬቴኑና የተልባ ዘይቱ።

ጥዋት በጎን በሚገባ ብርሃን አየሁት። ከጥግ እስከ ጥግ አንድም ክፍተት የለም። ናሙናው ዝግባ አሁንም 18.8 ነው። ሚዛኑ አጠገብ ይቆያል፣ ክረምት ሲገባ በየሳምንቱ እመዝነዋለሁ።

ከሰዓት የመጀመሪያውን የጭነት መክፈቻ ጠርዝ ከወይራ ቆረጥኩ። ከግራጫው ጋር ሳስጠጋው በጣም ጠቆረ። ነገ ጥዱን እሞክራለሁ፤ ቀይነቱ ለዚህ ቦታ ሳይስማማ አይቀርም።